የአየር ንብረት ለውጥን በሁለተኛ ዲግሪ ለመማር፦ ሳይንሱን ወይስ ፖሊሲውን? ከጎንደር የቀረበ ጥያቄ

የአዘዞው ባለሙያ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች። በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ ከጎንደር ከተማ ብዙም በማይርቅ አንድ ወረዳ በግብርና ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። የተመደብኩት በተፋሰስ ልማት ላይ ስለሆነ በበጋ እርከን ስናሠራ፣ በክረምት ችግኝ ስናስተክል ከአርሶ አደሮች ጋር እውላለሁ፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህም በየቀበሌው ስብሰባ የሚነሣብኝ ጥያቄ ተመሳሳይ ሆኗል። «ሰኔ ሲገባ ዘነበልን ብለን በቆሎና ማሽላ ዘራን፤ ዝናቡ ተመልሶ ጠፋ፤ የበቀለውም ጠውልጎ ቀረ። እናንተ የተማራችሁት ንገሩን፣ መቼ እንዝራ?» ይሉኛል። «ይህ የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ብዬ ስመልስ በአክብሮት ያዳምጡኛል፤ ነገር ግን የጠየቁኝን አልመለስኩላቸውም። ትምህርቴን ለመቀጠል የወሰንኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የተቸገርኩት በምርጫው ላይ ነው። አንደኛው መንገድ የአየር ንብረት ሳይንስ ሲሆን ፊዚክስ፣ ስታቲስቲክስና የኮምፒውተር ሥራ ይበዛበታል። ሁለተኛው የአየር ንብረት ፖሊሲ ሲሆን ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን፣ ሕግን፣ በጀትንና የእርዳታ ገንዘብን ይመለከታል። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ፖሊሲ ብማር ሥራ በቶሎ እንደማገኝ ይነግሩኛል፤ ሌሎቹ ደግሞ ሳይንሱን ያልያዘ ሰው የሌላውን ሪፖርት ከመገልበጥ አያልፍም ይላሉ። ሂሳብ ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ቤተሰብም ስላለኝ ከጎንደር ርቄ ብዙ መቆየት ይከብደኛል። ሁለቱን መንገዶች በቅርብ የምታውቁ ሰዎች ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ሰማይ ተመልካች፦

ወንድሜ፣ አርሶ አደሮቹ የጠየቁዎት ጥያቄ ራሱ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ነውና በመጀመሪያ እርሱን አይልቀቁት። እኔ የተማርኩት ሚቲዎሮሎጂ ስለሆነ የማውቀውን ወገን ልንገርዎ።

የሳይንሱ ትምህርት የሚጀምረው ከጨረር ሚዛን ነው፤ ከፀሐይ የሚገባው ኃይል፣ ከምድር የሚወጣው ኃይል፣ በመካከል ደግሞ የሙቀት አማቂ ጋዞች የሚይዙት ሙቀት። ከኢንዱስትሪው አብዮት በፊት በአየር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን 280 ያህል የነበረው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ዛሬ ከ420 በላይ ሆኗል። ከዚያ ወደ ቴርሞዳይናሚክስ ይሄዳሉ። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ሊሸከም የሚችለው ተን ወደ 7 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የዓመቱ ጠቅላላ ዝናብ ሳይለወጥ እንኳ በአንድ ጊዜ የሚወርደው ዶፍ ሊበረታ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። እርስዎ እርከን የሚያሠሩት ይህን ዶፍ ለመቋቋም ስለሆነ ነገሩ ከሥራዎ የራቀ አይደለም። ለጎንደር ከተማ ውኃ የሚያቀርበውን የአንገረብ ግድብን በደለል የሞላውም ከተራቆተ ተዳፋት ላይ ጎርፍ ያጠበው አፈር እንጂ ሌላ አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው የከባቢ አየር እንቅስቃሴ ነው። የጎንደር ክረምት የሚወሰነው ጎንደር ላይ በሚታየው ደመና ብቻ አይደለም። በደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለው የማስካሪን ከፍተኛ ግፊት፣ በሶማሊያ ጠረፍ የሚነፍሰው የታችኛው የነፋስ ጅረት፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤና ከኮንጎ ተፋሰስ የሚመጣው እርጥበት፣ ከፍ ብሎ ደግሞ ከእስያ ወደ አፍሪካ የሚነፍሰው የምሥራቅ ጄት የሚባለው ፈጣን የነፋስ ጅረት ሁሉም ድርሻ አላቸው። ኤልኒኖ ሲከሰት የመካከለኛውና የምሥራቁ ሰላማዊ ውቅያኖስ ይሞቃል፤ ያ የምሥራቅ ጄት ይዳከማል፤ የሰሜን ኢትዮጵያ የክረምት ዝናብም በአብዛኛው ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ያየነው ድርቅ ከዚህ ጋር የተያያዘ ሲሆን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆኖ ነበር። ይህን ሰንሰለት የተረዳ ሰው በግንቦት የሚወጣውን የክረምት ትንበያ ሲያነብ ምን እንደተባለና ምን እንዳልተባለ ለይቶ ያውቃል።

አሁን ወደ መረጃው ልምጣ፤ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የዝናብ ጣቢያ ተመልካች መለኪያውን የሚያነበው ጠዋት በ3 ሰዓት ነው። ስለዚህ ዛሬ ተብሎ የተመዘገበው ዝናብ አብዛኛው ትናንት ከሰዓት በኋላና ሌሊቱን የወረደ ነው። ከሳተላይት የሚገኘው የዕለት መረጃ ደግሞ ቀኑን የሚቆርጠው በግሪንዊች እኩለ ሌሊት፣ በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ሁለቱን ሳያስተካክል የሚያነጻጽር ሰው ሳተላይቱ ስህተት እንደሆነ ይደመድማል፤ የተሳሳተው ግን የቀን አቆራረጡ ነው። ሌላው፣ በመዝገቡ ላይ ባዶ የተተወ ሣጥንና ዜሮ የተጻፈበት ሣጥን አንድ አይደሉም። ዜሮ ማለት ሰው ሄዶ አይቶ ዝናብ አለመዝነቡን ጽፏል ማለት ነው፤ ባዶው ግን ማንም እንዳላየ ይናገራል። መረጃው ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ባዶዎቹ ዜሮ ከሆኑ ያልነበረ ድርቅ ይፈጠራል። እንዲህ ያለውን ነገር ለማወቅ ከባድ ሂሳብ አያስፈልግም፤ ትዕግሥት ግን ያስፈልጋል።

በተጨማሪም የጎንደር አካባቢ በዋናነት አንድ የዝናብ ወቅት ያለው ነው። ከወሎ ወይም ከደቡብ የተጻፈ ጥናት አርአያ አድርገው «የበልግና የክረምት ዝናብ አዝማሚያ» ብለው የሚጀምሩ ጽሑፎች አይቻለሁ፤ ለእኛ አካባቢ የሚበጀው የክረምቱን አገባብና አወጣጥ በጥልቀት መመርመር ነው።

ወለተ ጎንደር፦

በአካባቢ ጥበቃና በአየር ንብረት ፋይናንስ ሥራ ላይ ዓመታት አሳልፌአለሁ። ወንድማችን ሰማይ ተመልካች የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው። ሆኖም ፖሊሲ ማለት የስምምነቶችን ስም መሸምደድ ነው የሚለው አስተሳሰብ ከጠያቂው ባልደረቦች ዘንድ እንዳለ ስላየሁ ጉዳዩን ከውስጥ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ማዕቀፍ ስምምነት በ1994፣ የፓሪስን ስምምነት ደግሞ በ2017 አጽድቃለች። በ2011 የወጣው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ በ2010 ወደ 150 ሚሊዮን ቶን የነበረው ዓመታዊ የሙቀት አማቂ ጋዞች ልቀት ምንም ካልተሠራ በ2030 ወደ 400 ሚሊዮን ቶን እንደሚደርስ ገምቶ በ150 ለማቆየት አቀደ። በ2021 የተሻሻለው የሀገሪቱ አስተዋጽዖ ሰነድ (በፓሪሱ ስምምነት መሠረት የቀረበው የልቀት ቅነሳ ዕቅድ) ደግሞ በ2030 ከሚጠበቀው 403.5 ሚሊዮን ቶን ላይ 68.8 በመቶ ለመቀነስ ቃል ይገባል፤ ከዚህ ውስጥ በራስ አቅም የሚሠራው 14 በመቶ ብቻ ሲሆን የቀረው 54.8 በመቶ በውጭ ድጋፍ ላይ የተንጠለጠለ ነው። አንድ የፖሊሲ ተማሪ እነዚህን ቁጥሮች ሲያይ ሊያቆመው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ድጋፉ ባይመጣ ወይም ቢዘገይ የትኛው ሥራ ይቀራል፣ ማንስ ይወስናል? ሰነዱን ከማወደስ ወይም ከመንቀፍ ይልቅ ይህን ጥያቄ ይዞ በጀት ለበጀት መከተል እውነተኛ የትምህርት ሥራ ነው።

ሳይንሱና ፖሊሲው የት እንደሚገናኙ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ያ ስትራቴጂ እንደሚለው ከሀገሪቱ ልቀት ከ85 በመቶ በላይ የሚመጣው ከግብርናና ከደን ነው፤ ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም የከብት ሀብታችን ነው። አንድ ከብት በዓመት ሚቴን ከተባለው የሙቀት አማቂ ጋዝ ስንት ያወጣል የሚለውን ለመገመት በጣም ቀላሉ ዘዴ የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል በ2006 ባወጣው መመሪያ ለአፍሪካና ለመካከለኛው ምሥራቅ የተሰጠውን ነባሪ ቁጥር መውሰድ ነው፤ ከወተት ላሞች ውጪ ለሆኑ ከብቶች በአንድ ራስ 31 ኪሎ ግራም ነው። በዚህ ስሌት የሚቆጠረው የከብቱ ብዛት ብቻ ስለሆነ የወገራ አርሶ አደር መኖውን ቢያሻሽል፣ በሬውም በአጭር ጊዜ ቢደልብ፣ በሀገር አቀፍ ሪፖርቱ ላይ ምንም ለውጥ አይታይም። የተሻለው ዘዴ የከብቱን ክብደት፣ የመኖውን ጥራትና የወተቱን መጠን ይጠይቃል፤ ያንን የሚለካ ሰው ከሌለ ግን ፖሊሲው ለአርሶ አደሩ የሚገባውን ሊሰጠው አይችልም። እንዲህ ያለውን ክፍተት የሚያየው ፖሊሲውንም ስሌቱንም የሚያነብ ሰው ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ለጠያቂው ይበልጥ ቅርብ ነው። የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ሲሆን የሚያበቃው ሰኔ 30 ነው። የክረምቱ ትንበያ የሚወጣው በግንቦት፣ ማለትም የዓመቱ በጀት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ሂሳብም ሊዘጋ ሲዘጋጅ ነው። ትንበያው «የዝናቡ አገባብ ሊዘገይ ይችላል» ቢል፣ ወረዳው በዚያ ወር ተተኪ ዘር ለመግዛት የሚችልበት መስመር አለው ወይ? ወንድሜ፣ «መቼ እንዝራ» የተባሉት ጥያቄ ግማሹ የሰማይ ጉዳይ ነው፤ ግማሹ የዚህ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው።

የአዘዞው ባለሙያ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ በጀቱ የተነገረው በየዓመቱ የማየው ነገር ነው፤ ነገር ግን የምርምር ጥያቄ ሊሆን ይችላል ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር። ሂሳቡን በተመለከተ ግን በትክክል ምን ያህል ያስፈልገኛል? ደግሞስ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቱንም መያዝ ይቻላል?

መምህር ዘማራኪ፦

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን አማክራለሁ፤ ስለዚህ በቀጥታ ልናገር።

የከባቢ አየር ሞዴል ሠሪ ለመሆን ካሰቡ ካልኩለስና ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን የግድ ነው፤ ያለዚያ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲን የመሰለ የሚቲዎሮሎጂ ፕሮግራም ውስጥ ገብተው ይቸገራሉ። ለሚያነሡት ጥያቄ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግዎትም። የሚያስፈልግዎት በቂ ስታቲስቲክስ ነው፤ የዕድል ስርጭት፣ ሪግሬሽን፣ የጊዜ ተከታታይ መረጃ ትንተና፣ የአዝማሚያ ፈተናዎች (ዝናቡ በእርግጥ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑን የሚመረምሩ የስሌት ዘዴዎች)፤ እነዚህንም አር ወይም ፓይተን በሚባሉት የነጻ ፕሮግራሞች በአንዱ መሥራት። ሀገር አቀፉ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናም ስሌት ስለሚጠይቅ ዝግጅቱን ከአሁኑ ቢጀምሩ ሁለት ጊዜ ይጠቅምዎታል።

የአዝማሚያ ፈተናን ካነሣሁ ዘንድ፣ ማን-ኬንዳል የተባለው ፈተና በእኛ ተማሪዎች ዘንድ እጅግ የተለመደ ነው፤ ሆኖም አብዛኛው ተማሪ ከፈተናው በፊት መሠራት ያለበትን አይሠራም። ጣቢያው ከቦታ ቦታ ተዛውሮ እንደሆነ፣ መረጃው ወጥ መሆኑን፣ የአንዱ ዓመት ዝናብ ከቀጣዩ ጋር መያያዙን አይመረምርም። ለአየር ንብረት መነሻ የሚወሰደው የ30 ዓመት አማካይ ነው፤ አሁን የሚሠራበት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። በ12 ወይም በ15 ዓመት መረጃ «ዝናቡ ቀንሷል» ብሎ መደምደም ተገቢ አይደለም፤ አንድ የኤልኒኖ ዓመት መጨረሻው ላይ ቢወድቅ መስመሩን ሁሉ ወደ ታች ይጎትተዋል።

አንድ የሚያሳስበኝን ነገርም ሳልናገር አላልፍም። በአየር ንብረት ዘርፍ በየዓመቱ ከሚቀርቡልን ፕሮፖዛሎች ብዙዎቹ አንድ ቅርጽ አላቸው፤ የአንድ ወረዳ አርሶ አደሮች ስለ አየር ንብረት ለውጥ ያላቸው ግንዛቤና የመላመድ ስልታቸውን የሚወስኑ ምክንያቶች። መጠይቅ ይበተናል፣ አብዛኛው «ዝናቡ ቀንሷል» ይላል፣ ዕድሜ፣ ትምህርትና የመሬት ስፋት ወደ ሞዴል ይገባሉ፣ ውጤቱም አስቀድሞ የሚታወቅ ይሆናል። የወረዳውን ስም ቀይሮ መድገም ዕውቀት አይጨምርም። እርስዎ ይህን መንገድ እንዳይከተሉ እለምንዎታለሁ።

የደንቢያ ልጅ፦

መምህር፣ በአክብሮት እቃወምዎታለሁ። መጠይቁ ደካማ ከሆነ ጥፋቱ የጠያቂው ነው፤ የአርሶ አደሩ ዕውቀት ግን ከመረጃ ውጪ ሊሆን አይገባም።

አባቴ በደንቢያ ሜዳ አርሶ አደር ነው። በግንቦት መጨረሻና በሰኔ የዘራው ማሽላ ሲከሽፍበት መሬቱን ገልብጦ በሐምሌ ጤፍ ይዘራል፤ ጤፉም ካልሆነ ወይም ውኃ ተኝቶበት ከቆየ በመስከረም በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይዘራል። ይህ በየዓመቱ እየተመዘነ የሚወሰድ ውሳኔ ነው። የትኛውን ሰብል መቼ እንደተወው የሚያስታውስ ሽማግሌ ያለፉትን አስቸጋሪ ዓመታት አንድ በአንድ ይቆጥርልዎታል። የጣቢያው መረጃ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በብዙ ቦታ የተቆራረጠ ነው፤ ያን ጊዜ ምን እንደተዘራ የሚነግረን የሰው ትውስታ ነው። ደግሞም በአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የተለካ ዝናብ ስለ ጣና ዳር ምን ያህል ይናገራል? ሐይቁ ራሱ የሌሊት ነፋስና ደመና ይፈጥራል።

ሰማይ ተመልካች፦

የደንቢያ ልጅ ያነሣው የጣቢያ ርቀት ጉዳይ ትክክል ነው፤ መፍትሔውም በከፊል አለ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የጣቢያ መለኪያዎችን ከሳተላይት ግምት ጋር አዋህዶ በ4 ኪሎ ሜትር ስፋት እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በየ10 ቀኑ የተቀናበረ መረጃ አለው፤ በአፍሪካ ውስጥ ይህን አሠራር ከጀመሩት የመጀመሪያዋ ሀገራችን ናት። ቺርፕስ የሚባለውም የሳተላይት መረጃ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት በነጻ ይገኛል። የጸጥታው ሁኔታ ወደ ገጠር ለመውጣት በማይፈቅድበት ጊዜ እንኳ ሥራው እንዳይቆም እነዚህ ትልቅ እገዛ ናቸው።

የዓለም አቀፍ ሞዴሎችን ግን በጥንቃቄ ይያዙ። አብዛኛዎቹ ምድርን የሚከፋፍሉት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ሣጥኖች ነው፤ በ1,786 ሜትር ላይ ያለው የጣና ዳርና ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋው የወገራ ደጋ አንድ ሣጥን ውስጥ ገብተው በመካከለኛ ከፍታ ይወከላሉ። ሙቀት ከፍታ በጨመረ ቁጥር በ1,000 ሜትር ወደ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ የ1 ዲግሪ ሙቀት መጨመር የሰብልን ወሰን ወደ 150 ሜትር ያህል ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል። ለስሜን ተራሮች ገብስ፣ ከገብሱ በላይ ላለው የጓሳ ሣርና ለዋሊያ አይቤክስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከተራራው ጫፍ በኋላ መሄጃ የለምና። ሣጥኑ ግን ይህን አያይም።

መምህር ዘማራኪ፦

የደንቢያ ልጅ ስለ ሰብል መተካካት የጻፈው እኔ ከተቸሁት መጠይቅ በእጅጉ የተለየ ነው። «ዝናቡ ቀንሷል ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ማሽላውን ገልብጠው ጤፍ የዘሩት በየትኞቹ ዓመታት ነው?» ብሎ መጠየቅ ከዝናብ መዝገብ ጋር ፊት ለፊት ሊመሳከር የሚችል መልስ ይሰጣል። እንዲህ ከሆነ ተቃውሞዬን አነሣለሁ። «ግንዛቤ» የሚለው ርዕስ ግን አሁንም አያሳምነኝም።

ጤና ባለሙያ ከዳባት፦

ውይይቱ በግብርና ላይ ብቻ እንዳይቀር ጥቂት ልጨምር። ጎንደር ለዚህ ትምህርት ምቹ የምትሆንበት አንድ የተለየ ምክንያት አላት፤ እርሱም የጤናው ታሪክ ነው። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም የደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ገና ከሰው አእምሮ አልጠፋም ነበር። በ1958 ደግሞ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የተነሣው ወረርሽኝ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል ሕይወት እንዳጠፋ ተገምቷል። በዳባት ከ1996 ጀምሮ የሚካሄደው የሕዝብና የጤና ክትትልም ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ለረጅም ጊዜ መዝግቧል። የዝናብና የሙቀት መረጃን ከእንዲህ ያለ መዝገብ ጋር ለማገናኘት የሚችል ተማሪ ሌላ ቦታ በቀላሉ የማያገኘውን ሀብት እጁ ላይ አግኝቷል።

ነገር ግን ወባን ሁሉ ለሙቀት መስጠት ስህተት ነው። ገዳዩ የወባ ዓይነት በትንኟ ሆድ ውስጥ ዕድገቱን የሚጨርሰው ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ካለው ወሰን በላይ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ ደጋው ሲሞቅ አደጋው ከፍ ይላል። ይሁንና በየዓመቱ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ወርዶ የሚመለሰው ወጣት በሽታውን ይዞ ይመጣል፤ የአጎበር ሥርጭት ይቋረጣል፤ የወባው ተህዋስ መድኃኒቱን ይላመዳል። እነዚህን ሳይለይ «ሙቀት ጨመረ፣ ወባ ጨመረ» የሚል ጥናት ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የሚሰጠው ምክር የለውም። ለአየር ንብረት ሳይንስ ተማሪ ምክንያትን ከአጋጣሚ መለየት የሚማርበት ከዚህ የበለጠ ርዕስ አላውቅም።

ተማሪ በናይሮቢ፦

ስለ ትምህርት ቤቶች አጭር መረጃ ልስጥ። በሀገር ውስጥ ከአርባ ምንጭ በተጨማሪ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ለአየር ንብረት ተስማሚ ግብርናና ብዝኃ ሕይወት ጥበቃ የተቋቋመ የአፍሪካ የልህቀት ማዕከል አለ፤ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የወንዶ ገነት ኮሌጅም በዚህ ዘርፍ ያስተምራል። ከሀገር ውጪ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ በአየር ንብረት ለውጥና መላመድ ያስተምራል፤ በአልጄሪያ ትሌምሴን የሚገኘው የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ የውኃና የኢነርጂ ተቋም በአፍሪካ ኅብረት ስኮላርሺፕ ይቀበላል፤ በፊዚክስ ለጠነከረ ሰው ደግሞ በጣሊያን ትሪዬስቴ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል በምድር ሥርዓት ፊዚክስ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ይሰጣል።

ሆኖም ቤተሰብ አለኝ ላለው ወንድማችን የምመክረው ይህ ነው፤ ትምህርቱ የትም ይሁን፣ መረጃው የጎንደር ይሁን። እዚህ የምሥራቅ አፍሪካን ወቅታዊ ትንበያ የሚያዘጋጀው የኢጋድ የአየር ትንበያ ማዕከል አለ፤ ከየሀገሩ የሚመጡ ባለሙያዎች ሲወያዩ የሚደመጡት የአካባቢያቸውን መዝገብ በእጃቸው የያዙት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2027 32ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ እንዲካሄድ ስለተወሰነም፣ ስለ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በማስረጃ መናገር የሚችሉ ሰዎች የሚፈለጉበት ጊዜ ሩቅ አይደለም።

የአዘዞው ባለሙያ፦

የሁላችሁንም ምክር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አሁን ያሰብኩትን ልጻፍና አርሙኝ። ፕሮግራሙ ከተፈጥሮ ሀብትና ከአየር ንብረት ጋር የተያያዘ፣ ስታቲስቲክስ በደንብ የሚሰጥበት እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ስሙ ሳይንስ ይሁን ፖሊሲ አያስጨንቀኝም። ጥያቄዬ ይህ ነው፤ በወረዳዬ እ.ኤ.አ. ከ1983 ወዲህ ዝናቡ ጀምሮ የተቋረጠባቸው ዓመታት የትኞቹ ናቸው? ከኤልኒኖ ጋር ግንኙነት አላቸው? በግንቦት የወጣው ትንበያ አመልክቶ ነበር? አመልክቶ ከነበረስ ተተኪ ዘር በጊዜው እንዳይደርስ ያደረገው የትኛው የአሠራር ደረጃ ነው? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች በዝናብ መረጃ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት በወረዳው ሰነዶችና በቃለ መጠይቅ እመልሳለሁ። ሰብል የተገለበጠባቸውን ዓመታት ከሽማግሌዎች ጠይቄ ከመዝገቡ ጋር አመሳክራለሁ።

መምህር ዘማራኪ፦

ይህ ፕሮፖዛል ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አቆምዎታለሁ፤ «ዝናቡ ጀመረ» የሚሉት መቼ ነው? በብዙ ጥናቶች የሚሠራበት ትርጓሜ በሦስት ተከታታይ ቀናት 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብና በሚቀጥሉት 30 ቀናት ውስጥ ከ10 ቀን በላይ የሚዘልቅ ደረቅ ጊዜ ሳይኖር ሲቀር ነው። የመጀመሪያው ተሟልቶ ሁለተኛው ሲጓደል የሐሰት ጅምር ይባላል። ነገር ግን በዋልካ መሬትና በቀይ አፈር ላይ 10 ደረቅ ቀናት እኩል ጉዳት አያደርሱም። ዋልካው እርጥበት ይዞ ቡቃያውን ሊያቆየው ይችላል፤ ቀዩ በሳምንት ውስጥ ይደርቃል። ለሁለቱም አንድ ወሰን ከተጠቀሙ ውጤትዎ ለማንኛቸውም አይሆንም።

የአዘዞው ባለሙያ፦

ወረዳው ሁለቱም አፈር አለው፤ ቆላማው ቀበሌ ዋልካ፣ ተዳፋቱ ቀይ ነው። እንግዲያው ደረቁን ጊዜ በ7 እና በ10 ቀን ለየብቻ አስልቼ፣ አርሶ አደሮቹ ገለበጥን ካሏቸው ዓመታት ጋር የሚስማማው የትኛው እንደሆነ በየአፈሩ አያለሁ።

ሰማይ ተመልካች፦

ትክክለኛ አካሄድ ነው። ለዚህ ግን የ10 ቀኑ ድምር አይበቃዎትም፤ የዕለት መረጃ ያስፈልግዎታል። ለኢንስቲትዩቱ ደብዳቤ ሲያጽፉ የዕለቱን ዝናብ ባዶ ሣጥኖቹ በግምት ሳይሞሉ እንዳለ እንዲሰጥዎት፣ የጣቢያዎቹን የተዛወሩበት ታሪክም አብሮ እንዲላክልዎት በግልጽ ይጠይቁ።

ወለተ ጎንደር፦

ከእኔ በኩል አንድ ማሳሰቢያ ይቀራል። የዘር ፍላጎት የሚሰበሰብባቸውን ቅጾች፣ የግንቦትና የሰኔ የወረዳ ደብዳቤዎችን፣ የዘር መረከቢያ ሰነዶችን ጽሕፈት ቤት እያሉ ከአሁኑ በፈቃድ ቅጂ ያስወስዱ። የዝናቡን መዝገብ ከሁለት ዓመት በኋላም ያገኙታል፤ የወረዳ ፋይል ግን ሠራተኛ ሲዛወር ወይም ቢሮ ሲቀየር ይበተናል። የደብዳቤው ቀን፣ የተፈረመበት ቀንና ዘሩ መጋዘን የገባበት ቀን በአንድ ሠንጠረዥ ከተቀመጡ የመጨረሻው ጥያቄዎ ግማሽ መልስ ከዚያው ይወጣል።